ከመሰካት በፊት መመርመር

አሮጌ ዕቃ በእጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ስሜቶች በአንዱ ይያዛል። አንደኛው ንቀት ነው፤ ዘመኑ ያለፈበት ነገር ምን ይረባል በማለት ዕቃውን ከጥግ ይጥለዋል፣ ወይም በሐራጅ ይሸጠዋል። ሁለተኛው ጉጉት ነው፤ ይሠራ እንደ ሆነ አሁኑኑ ልየው በማለት ሳያገላብጥና ሳያጠና ከኮረንቲ ጋራ ያገናኘዋል። ሁለቱ ስሜቶች የማይመሳሰሉ ይምሰሉ እንጂ ፍጻሜያቸው አንድ ነው፤ ንቀትም ጉጉትም ዕቃውን ያጠፉታል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ጠባብ መንገድ ምርመራ ይባላል። እኛም በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ስለዚሁ ጠባብ መንገድ ነው፤ ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም የአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር የኮረንቲ ሣጥን፣ በተለምዶ ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወላይታ ሶዶ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል የተባሉ ዕቃዎች ለመወገድ ተቈጥረው ይጠባበቁ ነበር። እግር የጐደላቸው ወንበሮች፣ ሪባናቸው የደረቀ የጽሕፈት መኪናዎች፣ በራቸው የማይዘጋ የብረት ቁም ሣጥኖች አንዱ በሌላው ላይ ተከምረዋል። በእነዚህም መካከል ዕድሜው ከ30 ዓመት የማያንስ፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫነት የተለወጠ አንድ ኮምፒዩተር ነበረ። በንብረት መዝገቡ ላይ «አሮጌ፣ የማይሠራ» ተብሎ ተጽፎለታል። ይሁን እንጂ የማይሠራ መሆኑን ማን እንዳረጋገጠ፣ በምን ቀንና በምን ዘዴ እንደ ተመረመረ የሚገልጽ አንድም ወረቀት አልነበረም።

ይህ ዕቃ በኪሎ ተመዝኖ ቢሸጥ ኖሮ ማንም ባላስታወሰው ነበር። እንዲታወስ ያደረጉት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መምህሩ ከ1986 እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ በገጠር ትምህርት ቤቶች ያስተማሩባቸው 6 ዓመታት በጡረታ ማስረጃቸው ውስጥ አልተቈጠሩም። የወረቀቱ ማኅደር በምስጥ ተበልቶ ከሽፋኑ በቀር የተረፈ ነገር አልነበረውም። የአገልግሎት ዘመን ባነሰ ቍጥር የጡረታው አበል እንደሚያንስ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። እኒያ አዛውንት መዝገብ ቤቱን ለብዙ ጊዜ ሲመላለሱበት ከቈዩ በኋላ አንድ ቀን ከደጃፉ ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ያስተማርሁበትን ዘመን ጠመኔው ያውቃል፤ ጠመኔ ግን ምስክር ሆኖ አይቈጠርልኝም» አሉን። ይህን ቃል የሰሙ አንዲት የመዝገብ ቤት ባልደረባ፣ በዚያ ዘመን የሠራተኛው ስምና የተመደበበት ቦታ በመጋዘኑ ባለው ኮምፒዩተር ይመዘገብ እንደ ነበረ አስታወሱ። እንግዲህ የመምህሩ 6 ዓመታት በአንድ ዝገት በነካው ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ሀርድ ዲስክ ላይ ተኝተው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ኮምፒዩተሩ አቧራው ተጠርጎ ከጠረጴዛ ላይ በወጣ ጊዜ፣ ወጣት ባልደረቦቻችን ሽቦውን ይዘው ወደ ግድግዳው ሶኬት አመሩ። «ይሰካና ይታይ፤ ከሠራ ሠራ፣ ካልሠራም ያው የተጣለ ዕቃ ነው» አሉ። ቅንነታቸውን ብናደንቅም እጃቸውን እንዲሰበስቡ ለመንናቸው። ያገራችን ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፤ በኮረንቲ ሥራ ግን ያፈሰሱትን መልቀም እንኳ አይቻልም። ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል ሌላ ይተካል፤ ዲስኩ ቢቃጠል ግን የሰውየውን ዘመን የሚተካ ገበያ የለም።

የነገሩን ከባድነት ለመረዳት የኮረንቲው ሣጥን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው፤ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚፈልገው የማይለዋወጥ፣ ቀጥተኛና አነስተኛ ኮረንቲ ነው፤ ለማሰቢያ ክፍሎቹ 5 ቮልት፣ ዲስኩን ለሚያሽከረክረው ሞተር 12 ቮልት፣ ለጥቂት ክፍሎችም ከዜሮ በታች የሆኑ 5 እና 12 ቮልት። ይህን ለውጥ የሚፈጽመው ሣጥኑ ነው።

ለሶዶ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በሶዶ አካባቢ ያለው ትልቅ ጣቢያ ደግሞ ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ 500,000 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ለውጦ፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መሥመር ኬንያ ውስጥ እስከምትገኘው ሱስዋ ድረስ ይሰደዋል፤ እዚያም ተመልሶ ተለዋዋጭ ይሆናል። ወደ ኬንያ ኀይል መሸጥ የተጀመረው በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ቀጥተኛ ኮረንቲ የተመረጠበት ምክንያት በረዥም መንገድ የሚባክነው ኀይል ስለሚያንስና የሁለቱ አገሮች መረብ እርምጃቸው እኩል ባይሆንም ሊገናኙ ስለሚችሉ ነው። የኮምፒዩተሩ ሣጥን ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ነገር ግን ሥራው የዚያ ታላቅ ጣቢያ ታናሽ ወንድም ሥራ ነው። ታላቁ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ክፍል በክፍል ሳይፈተሽ ሙሉ ኀይል አልተለቀቀበትም። ለታናሹስ ምርመራ የማይገባው ስለ ምንድር ነው?

አሮጌ የኮረንቲ ሣጥን የሚያሠጋው በውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች ምክንያት ነው። ካፓሲተር ኮረንቲን ለጊዜው አጠራቅሞ የሚይዝ፣ ለጎርፍ እንደ ተቈፈረ ኩሬ ያለ ዕቃ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በውስጣቸው ፈሳሽ አላቸው፤ ፈሳሹ በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ ወይም አፈትልኮ የመዳቡን መሥመር ይበላል። ሌሎቹ በወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ መሸፈኛቸው ሲሰነጠቅ ወረቀቱ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣውም ወረቀት 220 ቮልት በደረሰበት ጊዜ ይፈነዳል፣ ክፍሉንም በሚከረፋ ጢስ ይሞላዋል። ክረምቱን ሙሉ ጉም ከተራራው እየወረደ በሚያለብሰው ከተማ፣ ዓመታት ሙሉ በቆርቆሮ ቤት የተቀመጠ ዕቃ ምን ያህል እርጥበት እንደ ጠጣ መገመት አያዳግትም።

ከጢሱ ይልቅ የሚብሰው ግን ጢስ የሌለው ጥፋት ነው። 5 ቮልት መስጠት የሚገባው መሥመር ከመጠኑ አልፎ 7 ወይም 8 ቮልት ቢሰጥ፣ ምንም ድምፅ ሳይሰማና ምንም ነበልባል ሳይታይ የኮምፒዩተሩ ቺፖች ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለው ስመ ጥር የቤት ኮምፒዩተር ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ከውጭ የሚሰካው የኮረንቲ ሣጥኑ ሲያረጅ ቮልቱ እየጨመረ የማስታወሻ ቺፖቹን በማቃጠል ይታወቃል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር እነዚህን አሮጌ ኮምፒዩተሮች የሚያድሱ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ሣጥኑን የሚመረምሩት ስለዚሁ ነው።

እኛም የረዳንን አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ጠራን። ሰውየው በከተማችን ለብዙ ዘመን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ፣ እጁ ከምላሱ የፈጠነ ባለሙያ ነው። የዚህን ሣጥን ክዳን መክፈት የማንም ሰው ሥራ አለመሆኑን በቅድሚያ አስጠነቀቀን። 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሲለወጥ በትላልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ይኸው ኀይል በውስጣቸው ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ሳይለኩ አይነኩም። ኀይል ቢገኝባቸውም በሬዚስተር አማካይነት ቀስ ተብሎ ይወጣል እንጂ፣ አንዳንድ ደፋር እንደሚያደርገው በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስጮኽ አይገባም። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቃሉ፤ ጫማ ደረቅ ይሆናል፤ ሲለካም አንድ እጅ ከኋላ ይደረጋል፤ ኮረንቲ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገዱ በልብ ላይ ነውና። ደግሞም ማንም ብቻውን አይሠራም፤ አንድ ሰው ከብሬከሩ አጠገብ መቆም አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነበር። ከሣጥኑ የሚወጡት ሽቦዎች ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ሰሌዳና ከዲስኩ ተነቀሉ። ዲስኩም በጨርቅ ተጠቅልሎ በቁም ሣጥን ተቈለፈበት። የሚጠረጠር ዕቃ ከሚወደድ ዕቃ ጋራ አይፈተንም።

ሁለተኛው የዐይንና የአፍንጫ ምርመራ ነው። የሣጥኑን ጀርባ ገና ስንመለከት ደማችን ቀዘቀዘ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሣጥኖች 115 እና 230 የሚል ቍጥር የተጻፈበት፣ ለልዩ ልዩ አገር ኮረንቲ የሚያገለግል ቀይ መምረጫ ነበራቸው። የኛው መምረጫ ያረፈው በ115 ላይ ነበር። በዚህ ስፍራ ሲሆን ሣጥኑ የሚገባበትን ኀይል በውስጡ እጥፍ ያደርጋል፤ 220 ቮልት ቢገባበት ወደ 620 ቮልት ይደርሳል፤ ሁለቱ ትላልቅ ካፓሲተሮች ግን እያንዳንዳቸው የሚችሉት 200 ቮልት ብቻ ነበር። «ይሰካና ይታይ» የተባለው ምክር ቢፈጸም ኖሮ የሚታየው ፍንዳታ ነበር። ይህን ባሳየናቸው ጊዜ ወጣቶቹ ባልደረቦቻችን እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ለምርመራው ከሁላችን ይልቅ ትጉሃን ሆኑ።

ክዳኑ ሲከፈት የአይጥ ጎጆና የሸረሪት ድር ተገኘ። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ ጠጋኙ እያንዳንዱን ክፍል በባትሪ ብርሃን ተመለከተ። ከ220 ቮልቱ መግቢያ አጠገብ ያለው የወረቀት ካፓሲተር ሽፋኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ከመውጫው በኩል ካሉትም ሁለቱ ራሳቸው አብጧል። እነዚህ በአዲስ ተተኩ። የመግቢያው ካፓሲተር ለግድግዳ ኮረንቲ የተፈቀደ መሆኑን የሚያመለክት ኤክስ 2 የሚል ምልክት ባለው እንጂ በሌላ አይተካም። ፈሳሽ ያላቸው ደግሞ የተጻፈባቸው ቮልት ከቀድሞው ማነስ የለበትም፤ አዎንታዊና አሉታዊ እግራቸውም ቢገለባበጥ ይፈነዳሉ።

ሦስተኛው በመልቲሜትር የሚደረግ የዝምታ ምርመራ ነው፤ ዝምታ ያልነው ኮረንቲ ሳይገናኝ የሚፈጸም በመሆኑ ነው። ፊውዙ ደኅና መሆኑ ይለካል። የመሬት ሽቦው ከብረቱ ሣጥን ጋራ መገናኘቱ ይረጋገጣል፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች የግድግዳው ሶኬት ራሱ የመሬት ሽቦ ስለሌለው ይህንም መመርመር ያስፈልጋል። ከዚያም የ5 እና የ12 ቮልቱ መሥመር ከጥቁሩ ሽቦ ጋራ በውስጥ ተነካክቶ እንደ ሆነ በኦም ይለካል። በዚያ ዘመን ሣጥን ላይ ደግሞ አንድ የተሰወረ አደጋ አለ፤ የማብሪያው ማጥፊያ 220 ቮልቱን ራሱን በወፍራም ሽቦ እስከ ኮምፒዩተሩ ፊት ድረስ ያመጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አዲሱ ሥርዓት ይህን አስቀርቶታል፤ በአሮጌው ግን የዚያ ሽቦ ጫፎች ተሸፍነው መሆናቸው ሳይታይ ምንም አይሰካም።

አራተኛው ጭነት ማዘጋጀት ነው። ይህን የመሰለ ሣጥን ባዶውን አይሠራም፤ የሚሸከመው ነገር ካልተሰጠው ወይ አይነሣም ወይ የተሳሳተ ቍጥር ያሳያል። ሰነፍ መርማሪ አሮጌውን ዲስክ ራሱን ጭነት ያደርገዋል፤ ይህ ግን የድልድይን ጥንካሬ በሕፃን እንደ መፈተን ነው። እኛ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ የ12 ቮልት አምፖሎች ገዝተን አንዱን ለ12 ቮልቱ፣ ሁለቱን ለ5 ቮልቱ መሥመር አሰርን። በ5 ቮልት ላይ የታሰሩት ደብዝዘው ይበራሉ፤ ሸክም መሆናቸው ግን አይቀርም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ኀይል መልቀቅ ነው፤ ይህም ቢሆን በዘበኛ ነው። ከግድግዳው ወደ ሣጥኑ በሚሄደው ሽቦ መካከል አንድ የ220 ቮልት የሽቦ አምፖል በተርታ ይገባል። በውስጥ የተነካካ ነገር ቢኖር አምፖሉ በሙሉ ብርሃኑ ይበራና ኀይሉን ለራሱ ይወስዳል፤ ሣጥኑ አይቃጠልም። ደኅና ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ለዚህ ሥራ አሁን በየቤቱ ያለው ኤል ኢ ዲ አይሆንም፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል መሆን አለበት። መምረጫው ወደ 230 ተመልሶ፣ አንዱ ባልደረባችን ከብሬከሩ አጠገብ ቆሞ፣ ሌሎቻችን ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብለን ማጥፊያው ተጫነ። አምፖሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ። የሣጥኑ ማራገቢያም እንደ ነቃ ሽማግሌ አጉረመረመና መዞር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ኀይሉ ጠፍቶ ዘበኛው አምፖል ተነሣ፤ እውነተኛው ልኬትም ተደረገ። በቀዩ ሽቦ ላይ ከ4.75 እስከ 5.25፣ በቢጫው ላይ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን ይገባዋል። ቀዩ 5.06፣ ቢጫው 11.9 አሳየ። የብርቱካን ቀለም ያለው ሽቦ ደግሞ «ኀይሉ ተስተካክሏል፣ ሥራ ጀምር» ብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚናገር የምልክት ሽቦ ነው፤ እርሱም 5 ቮልት ያህል ሰጠ። ጠጋኙ ግን በዚህ አልረካም። ሣጥኑ ከሞቀ በኋላ የሚለወጥ እንዳይሆን አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲሠራ አድርጎ በየ10 ደቂቃው ለካ፤ እኛም ቍጥሮቹን በቃለ ጉባኤ ወረቀት ላይ አሰፈርን።

የቀረውን ባጭሩ እንናገራለን። ሁለቱ የሰሌዳው መሰኪያዎች ጥቁር ሽቦዎቻቸው መካከል ላይ ጎን ለጎን እንዲሆኑ ተደርገው ተሰኩ፤ ቢለዋወጡ ሰሌዳው ይጠፋል። የዲስኩ መጠን የሚጠበቅበት ትንሽ ባትሪ ስለ ሞተ፣ በዲስኩ ጀርባ ላይ የተጻፉት ቍጥሮች በእጅ ገቡ። ዲስኩ እያቃሰተ ተነሣ። ማንም አንድ ፊደል እንዳይለውጥበት ከታዘዘ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ተገለበጠ። የዚያ ዘመን የአማርኛ ፊደል አጻጻፍ፣ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ከመግባቱ አስቀድሞ የነበረ በመሆኑ፣ ብዙው ጽሑፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ታየ። ደግነቱ የሠራተኛው ስም በላቲን ፊደል፣ ዘመኑም በአኃዝ ተመዝግቦ ኖሯል። ከመምህሩ 6 ዓመታት 4ቱ ተገኙ፤ የቀሩት 2ቱ በየትኛው ፍሎፒ እንደ ነበሩ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። መምህሩ ይህ በተነገራቸው ጊዜ ለረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «አራቱም ቢሆኑ እኔ ነበርሁባቸው» ብለው ጠጋኙን በግንባሩ ሳሙት።

ከዚህ ነገር የምንማረው ለኮረንቲ ብቻ የሚሆን አይመስለንም። «የማይሠራ» የሚለው ቃል በንብረት መዝገብ ላይ ሲጻፍ፣ ማን እንደ መረመረውና በምን እንደ መረመረው አብሮ ቢጻፍ ብዙ ዕቃና ብዙ ማስረጃ ከጥፋት ይድናል። ኮምፒዩተር ከመሸጡ በፊት ዲስኩ ወጥቶ መታየት ይገባዋል፤ የሚያስፈልገው ይገለበጣል፤ የማያስፈልገውም የሰው ምሥጢር ነውና ይደመሰሳል እንጂ ከቆርቆሮ ጋራ ለገበያ አይወጣም። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ስለ ተለዋዋጭና ስለ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሲያስተምሩ፣ ክዳኑ ያልተከፈተና ከግድግዳ ያልተገናኘ አንድ አሮጌ ሣጥን ከፊታቸው ቢያስቀምጡ፣ ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ይረዳቸዋል።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። የኮምፒዩተር ሥሩ የኮረንቲው ሣጥን ነው፤ ሥሩ ሳይታመን ቅርንጫፉ አይታመንም። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ሁሉ፣ በየመጋዘናቸው የተከመረውን ዕቃ ለማስወገድ ከመፈረማቸው በፊት አንድ ራዲዮ ጠጋኝ፣ አንድ መልቲሜትርና አንድ የባጃጅ አምፖል ይዘው እንዲገቡ በትሕትና እናሳስባለን።